ጨለማ የበዛበትን ኤፒክ ፋንታሲ በጋራ ማንበብ፦ የአንባቢን ስሜት ለማዳመጥና ለመመዝገብ ለሚፈልጉ የወሎ የንባብ ክበባት

ጭካኔ፣ ክህደትና ማለቂያ የሌለው ጦርነት የሞላበት ባለብዙ ቅጽ የፋንታሲ (በተፈጠረ ዓለም፣ ከነአስማቱ የሚካሄድ) ትረካ አንባቢውን ከሌላው ልብ ወለድ በበለጠ ይፈትነዋል። የወደደውን ገጸ ባሕርይ በመንገድ ላይ ይገድልበታል፤ የጠላውን ሰው ቆየት ብሎ እንዲያዝንለት ያደርገዋል፤ ቀረበ ያለውን ድል ወደ ሽንፈት ይለውጥበታል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ምዕራፍ ያነበቡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በአድናቆት ሌላው በቁጣ፣ መጽሐፉን ሊከድኑት ይችላሉ። ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ ወይም በወልድያ አምስት ስድስት ሰው አሰባስቦ እንዲህ ያለውን ተከታታይ ማንበብ ለሚፈልግ አወያይ የተዘጋጀ ነው። ትኩረቱም የአንባቢው ስሜት እንዴት እንደሚደመጥ፣ እንዴት እንደሚመዘገብና «ከበደኝ» ያለ ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚገባው ማሳየት ነው። በእኔ እምነት አብዛኞቹ የንባብ ክበቦች የሚፈርሱት በመጽሐፉ ርዝመት ሳይሆን፣ አንባቢው የከበደው ለምን እንደሆነ ሳይጠየቅ «በርታ፣ ወደ ፊት ይጥማል» ስለሚባል ነው።

መጽሐፉንና ጊዜውን መምረጥ

በቅድሚያ ተከታታዩ ያለቀ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ታዋቂ ተከታታይ «ኤ ሶንግ ኦፍ አይስ ኤንድ ፋየር» የመጀመሪያው ቅጽ በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ቀጣዮቹ በ1998፣ በ2000፣ በ2005 እና በ2011 ታተሙ፤ ስድስተኛውን ግን አንባቢው እስካሁን እየጠበቀ ነው። በአንጻሩ የስቲቨን ኤሪክሰን ዐሥር ቅጾች ያሉት የ«ማላዛን» ሥራ ከ1999 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ተጀምሮ ተጠናቋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰባሰብ ክበብ ግን ሁለቱንም አልመክርም፤ ከ2006 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ አንድ አንድ ቅጽ የወጣውን የጆ አበርክሮምቢን ባለሦስት ቅጽ ትረካ «ዘ ፈርስት ሎው»ን የመሰለ፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን በአንድ ዓመት ውስጥ ለማየት የሚያስችል ሥራ ይሻላል። መጨረሻውን ያላየ አንባቢ ስለ ጨለማው ሊሰጥ የሚችለው ፍርድ ሁልጊዜ ጊዜያዊ ነው፤ ይህን የሚያውቅና የሚታገሥ ቡድን ብቻ ያላለቀውን ይጀምር።

ቀጥሎ ንባቡን በምዕራፍ እንጂ በገጽ አትከፋፍሉ። ከአባላቱ አንዱ የታተመውን፣ ሌላው በስልኩ ላይ ያለውን ቅጂ ስለሚያነብ የገጽ ቁጥር አይገጥምም። የማርቲን የመጀመሪያ ቅጽ ከመቅድሙ ሌላ 72 ምዕራፎች አሉት፤ በሳምንት ስምንት ምዕራፍ ቢመደብ በዘጠኝ ሳምንት ያልቃል። አንድ ትልቅ ሞት ወይም ክህደት ያለበት ምዕራፍ የሳምንቱ ድርሻ መጨረሻ ላይ እንዲውል አድርጉ፤ መካከል ላይ ከዋለ አንባቢው ስሜቱን ለመጻፍ ሳይቆም ወደሚቀጥለው ይሮጣል።

የመሰባሰቢያውን ሰዓት በተመለከተ የዓርብ ጁምዓም የእሑድ ቅዳሴም የማይነካው የቅዳሜ ከሰዓት ለወሎ ይስማማል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ደም የሞላበትን ንባብ ለጊዜው ማቆም የሚፈልጉ አባላት ስለሚኖሩ፣ በሁለት ቅጾች መካከል የሚደረገውን ዕረፍት ከነዚህ ወራት ጋር ማገናኘት ጥሩ ነው።

ሌላው የሚታሰብበት ነገር ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛውን እንደልብ የሚያነቡት ጥቂቶች ከሆኑ፣ እነሱ እያነበቡ ለሌሎቹ በአማርኛ ሊተርኩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የተራኪውና የአድማጩ ስሜት በተለያየ ገጽ ላይ ይመዝገብ። አድማጩ የሰማው መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የተራኪውን ድምፅ፣ ምርጫና ዝምታ ጭምር ነው፤ ተራኪው አሳዛኙን ቦታ አሳጥሮ ካለፈው፣ አድማጩ «አልከበደኝም» ቢል ስለ መጽሐፉ የተናገረው ነገር ጥቂት ነው።

ከውይይት በፊት የሚጻፍ ደብተር

እያንዳንዱ አባል የራሱ ደብተር ይኑረው። ምዕራፉን እንደጨረሰ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ ቀኑን ጽፎ ለአራት ጥያቄዎች በአጭር በአጭሩ ይመልስ፦ ምን ተሰማኝ? ስሜቱን ያመጣው የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው? አሁን የማምነው ማንን ነው? ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስለኛል?

ከአራቱ ሁለተኛው ጥያቄ ዋነኛው ነው፤ አዲስ አንባቢዎች ቶሎ የሚዘሉትም እሱን ነው። «በጣም ጨካኝ ምዕራፍ» ብሎ የጻፈ ሰው ተመልሶ ያንን ጭካኔ የተሸከመውን ዓረፍተ ነገር እንዲፈልግ ሲጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚደርስበት ቦታ ካሰበው የተለየ ነው። ግድያው ራሱ በአንድ መስመር አልፎ ሊሆን ይችላል፤ ልቡን የነካው ግን ከግድያው በኋላ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ዝም ማለታቸው፣ ወይም ሟቹ ማለዳ ለልጁ የገባው ቃል ሊሆን ይችላል። ይህን ያገኘ አንባቢ ስለ ራሱም ስለ ደራሲውም ጥበብ አንድ ነገር አወቀ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩን ፈልጎ ካጣው ደግሞ ያም መመዝገብ ያለበት ውጤት ነው፤ ጭካኔው ከጽሑፉ ሳይሆን ከአንባቢው ትዝታ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ጽሑፉ ከውይይቱ መቅደም ያለበት ሌላም ምክንያት አለው። እኛ ዘንድ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ ሐሳቡን ማለዘብ ወይም መዋጥ ይቀናዋል። ስለዚህ ንግግሩ በዕድሜ ከሚያንሰው አባል ይጀምር፤ ለትልልቆቹም «ጋሼ፣ እርስዎን በመጨረሻ እንሰማዎታለን»፣ «እትዬ፣ ልጆቹ ይጀምሩና እርስዎ ይጨርሱልን» ብሎ አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። በዚህ ሥርዓት ቅር ያለው ታላቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ የመጨረሻውን ቃል ማግኘታቸውን እንደ ክብር ይቆጥሩታል።

«ከበደኝ» ያለውን አንባቢ መለየት

አንድ አባል መጽሐፉ እንደከበደው ሲናገር አወያዩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መለየት አለበት፤ ለአንዱ የሚሆነው መፍትሔ ለሌላው ጉዳት ነውና።

የመጀመሪያውና ቀላሉ ድካም ነው። ስሙ፣ አገሩ፣ የዘር ሐረጉ በዝቶበታል፤ ማን ማንን እንደከዳ ጠፍቶበታል። የኤሪክሰን መጽሐፎች አንባቢውን ያለ ምንም ማብራሪያ በጦርነት መካከል ስለሚጥሉት ይህ ስሜት በእነሱ ላይ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ በየቅጹ መግቢያ ያለውን የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ወደ አማርኛ ገልብጦ ማደልና የቤተሰቡን ሐረግ በትልቅ ወረቀት ስሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው።

ሁለተኛው ሕመም ነው፤ በወሎ በልዩ ጥንቃቄ መታየት ያለበትም ይኸኛው ነው። የዚህ ዓይነት መጽሐፍ ከበባ፣ ስደት፣ የተቃጠለ መንደርና ረኃብ አያጣውም። ለሌላ አገር አንባቢ ይህ ሁሉ የሩቅ ዘመን ጌጥ ሊመስለው ይችላል። እዚህ ግን የ1966ንና የ1977ን ረኃብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በየቤቱ አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ወጣቶች ዛሬ ከክበቡ ወንበሮች ባንዱ ላይ ተቀምጠው ይሆናል። ስለዚህ አወያዩ ሁልጊዜ ከቡድኑ አንድ ሳምንት ቀድሞ ያንብብ፤ ታሪኩን ሳይነግር የሚመጣውን ነገር ዓይነት ብቻ ያሳውቅ። «በሚቀጥለው ሳምንት ንባብ የከተማ ከበባና ረኃብ አለ፤ በአሥራ አራተኛው ምዕራፍ በሕፃን ላይ የሚደርስ ጉዳት አለ» ማለት ይበቃል። ያንን ምዕራፍ መዝለል የሚፈልግ ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ ይዝለል፤ ታሪኩ እንዳይቋረጥበትም የምዕራፉ ፍሬ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ይሰጠው።

አባሉ በውይይት መካከል የራሱን ትዝታ መናገር ከጀመረ መጽሐፉ ይከደን፤ ማስታወሻም አይያዝ። «አብሽር» ብሎ ማጽናናት መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ከተባለ «ይብቃህ» የማለት ያህል ይሆንበታል። በሌላ በኩል ማንንም «አንተ እኮ ያኔ ነበርክ፣ እስቲ ንገረን» ብላችሁ አትጠይቁ። ወደ ንባብ ክበብ የመጣ ሰው ስለ ንባብ ሊያወራ ነው የመጣው።

ሕመሙን ያወቀ ሰው ሁሉ ደግሞ ይሰበራል ብሎ መገመት ሌላ ስሕተት ነው። ከእነዚህ አንባቢዎች መካከል መጽሐፉን በጣም ጠንካራ በሆነ ሚዛን የሚመዝኑ አሉ። ሠራዊቱ ለወራት ሲጓዝ ስንቁን ከየት እንዳገኘ፣ የተዘረፈው ገበሬ በመጪው ክረምት ምን እንደሚዘራ፣ በሬውን የሸጠና የዘር እህሉን የበላ ቤተሰብ ከጦርነቱ ማብቃት በኋላ እንዴት እንደሚቆም ይጠይቃሉ። ደራሲው ረኃብን ያስገባው ለጥቁር መልክ ብቻ ከሆነ በእነሱ ፊት ወዲያው ይጋለጣል፤ ነገሩን አውቆ ከጻፈው ደግሞ ከማንም በላይ ያከብሩታል። በእኔ ግምት የወሎ ክበብ ስለዚህ ሥነ ጽሑፍ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ አስተዋፅኦ ይህ ዓይነቱ ንባብ ስለሆነ፣ አወያዩ ለእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ሰፊ ጊዜ ይስጥ፤ በደብተሩም የተለየ ገጽ ይመድብላቸው።

ሦስተኛው እምቢታ ነው። አንባቢው አልደከመውም፣ ትዝታም አልቀሰቀሰበትም፤ መጽሐፉ የጠየቀውን ነገር ግን ለመስጠት አይፈቅድም። ለዚህ ስቴፈን ዶናልድሰን በ1977 እ.ኤ.አ. የጀመረው የ«ቶማስ ኮቬናንት» ተከታታይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በሥጋ ደዌ የተያዘና ከኅብረተሰቡ የተገለለ ሰው ነው፤ ወደ ሌላ ዓለም ከተወሰደ በኋላ ገና በመጀመሪያው ቅጽ መግቢያ አካባቢ የረዳችውን ወጣት ይደፍራታል። በርካታ አንባቢዎች መጽሐፉን የዘጉት እዚያው ላይ ነው። ለዘመናት በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሙ የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለደሴ ሰው ሩቅ ስላልሆነ፣ የእኛ አንባቢ ስለ ሕመሙ አቀራረብም የራሱ ጥያቄ ያነሣል፦ ደዌው የሰውየው የክፋት ምልክት ተደርጎ ቀርቧልን? ወይስ መገለሉ ምን እንዳደረገው ነው የሚታየው?

እምቢ ያለችን አንባቢ ተከራክሮ መርታት የአወያይ ሥራ አይደለም። በተለይ ወንዶች የሚበዙበት ክበብ ውስጥ አንዲት ሴት «ከዚህ በኋላ የዚህን ሰው ዕጣ ፈንታ መከተል አልፈልግም» ስትል፣ ያ ቃል እንደ ማንኛውም የተሟላ ፍርድ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ተከታዮቹን ቅጾች ያነበበ ሰው ካለ፣ በዶናልድሰን ትረካ የዚያ ድርጊት መዘዝ እንዳልተረሳና በቀጣዮቹ መጻሕፍት ውስጥ እየተከተለ እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ሊናገር ይችላል፤ ሁለተኛ ጊዜ ከደገመው ግን መረጃ መሆኑ ቀርቶ ግፊት ይሆናል። ማንበብ ያቆመች አባል ከክበቡ እንድትወጣ አይጠበቅባትም። የሌሎቹን ውይይት እየሰማች ውሳኔዋ ትክክል መስሎ እንደቆየ በየጊዜው ብትጽፍ፣ በክበቡ መዝገብ ውስጥ ከሚገኙት ገጾች እጅግ ጠቃሚው የሷ ሊሆን ይችላል።

መልካምም ክፉም የሆነውን ሰው መመዘን

በዚህ ዓይነት ትረካ ንጹሕ ጀግና እምብዛም አይገኝም። አዲስ አንባቢም «የምደግፈው አጣሁ» እያለ ያማርራል። ለወሎ አንባቢ ግን ነገሩ እንግዳ መሆን የለበትም። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ለጠላት እጄን አልሰጥም ብለው በማለፋቸው በመላ አገሪቱ ይወደሳሉ፤ እዚሁ ወሎ ውስጥ ግን በተደጋጋሚ ዘመቻዎቻቸው ያደረሱት ጥፋትም ሲነገር ኖሯል፤ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ካመለጡ በኋላ ምኒልክን ያሳለፉት የወሎ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት እዚያው ታስሮ የነበረ ልጅ በቴዎድሮስ በበቀል መገደሉም የሚታወቅ ነው። ሁለቱንም በልቡ ይዞ መኖር የቻለ ሕዝብ የተወላገደ ገጸ ባሕርይን ለማንበብ በቂ ልምምድ አለው። እንዲሁም የነገሥታት ወንድሞችና ልጆች ለመቶዎች ዓመታት ተዘግተው የኖሩበትን አምባ ግሼንን ለሚያውቅ የአምባሰል ሰው፣ አንድ ንጉሥ የገዛ ወንድሙን ለምን እንደሚፈራ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንዲህ ያለው ንጽጽር ይፈቀድ፣ ነገር ግን ገደብ ይኑረው። የታሪክ ክርክሩ ስለሚያጓጓ መጽሐፉ ተረስቶ ሰዓቱ ሊያልቅ ይችላል፤ ስለዚህ ታሪክ የጠቀሰ ሰው ንግግሩን ሲዘጋ ወደ አንድ የተወሰነ ምዕራፍ መመለስ ይኖርበታል። ለመመዘኛም ሁለት ጥያቄ ይጠቅማል፦ ይህ ሰው ምን አደረገ? ያደረገውንስ የምንሰማው ከማን አንደበት ነው? የማርቲን ምዕራፎች እያንዳንዳቸው በአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን የሚታዩ ናቸው። በመጀመሪያው ቅጽ ሕፃን ከግንብ ላይ የሚወረውረው ባላባት እስከ ሁለተኛው ቅጽ ማብቂያ የሚታየው በሌሎች ዓይን ነው፤ በሦስተኛው ቅጽ የራሱ ምዕራፎች ሲሰጡት የአንባቢው ልብ መለዘብ ይጀምራል። አባላቱ በሦስተኛው ቅጽ መካከል ላይ የመጀመሪያውን ደብተራቸውን አውጥተው ስለዚህ ሰው የጻፉትን ያንብቡ፤ ከዚያም የተለወጠው ድርጊቱ ነው ወይስ ዓይኑ የሚለውን ይወያዩበት። በዚህ ጥያቄ ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቢያልፍ የሚያስቆጭ አይደለም።

ትንቢት፣ ግምትና ቀድሞ የሚያውቅ ሰው

ፋንታሲ ትንቢት ይወዳል። አንባቢውም ከተፈጸመ በኋላ «እኔ እኮ ብያለሁ» ይላል። በሼህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢታዊ ግጥሞች ዙሪያ የሚደረገውን ትርጓሜ ሲሰማ ያደገ የወሎ ሰው፣ አንድ ስንኝ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ በተለያየ መንገድ ሊፈታ እንደሚችል ያውቃል። በደብተሩ ላይ ከግምቱ ጎን ቀን የሚጻፈውም ለዚሁ ነው። የተሳሳቱ ግምቶችን አትሰርዙ፤ ደራሲው አንባቢውን የት ላይና በምን ምልክት እንዳሳሳተው የሚታየው በእነሱ ነው።

የተፈጠሩ አማልክትና ጥንቆላ መኖራቸው አንዳንድ አባል ላይ የሃይማኖት ሥጋት ሊያሳድር ይችላል። ውይይቱ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው እምነት በመጽሐፉ ሰዎች ላይ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ይመልከት፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው በተቀመጡበት ክበብ የአንዳቸውን ሃይማኖት ከልብ ወለዱ ጋር ማመሳከር አያስፈልግም።

በማርቲን መጻሕፍት ላይ የተመሠረተው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ከ2011 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ስለታየና መጻሕፍቱን ቀድሞ ስለጨረሰ፣ ድራማውን ያየ አባል መኖሩ አይቀርም። ይህ አባል የሚያውቀውን በወረቀት ጽፎ አሽጎ ለአወያዩ ይስጥ፤ በየሳምንቱም ከሁሉም መጨረሻ ይናገር። የድራማው የመጨረሻ (ስምንተኛ) ሲዝን እንደገና ይሠራ የሚል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ መሰብሰቡ የሚታወስ ነው፤ ያ ቁጣ ግን በድራማው ላይ የተነሣ ስለሆነ ወደ መጽሐፉ ሒሳብ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል።

በቅጾች መካከልና ከመጨረሻው ቅጽ በኋላ

ቅጽ ሲጠናቀቅ ወዲያው ፍርድ አትጠይቁ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለፍ። የመዝጊያው ምዕራፍ ድንጋጤ ሌላውን ሁሉ ስለሚሸፍነው፣ በዚያው ሌሊት የተሰጠ አስተያየት ስለ መጨረሻዎቹ ሃያ ገጾች እንጂ ስለ ቅጹ አይናገርም። ቀጣዩን ቅጽ ከመጀመራችሁ በፊትም ደብተሩን መከለስ አትርሱ። የማርቲን አራተኛ ቅጽ አንባቢው ከሚወዳቸው ገጸ ባሕርያት ብዙዎቹን ትቶ፣ የእነሱን ታሪክ ለአምስተኛው ቅጽ በማቆየቱ ቅሬታ አስነሥቷል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ቡድን ቅሬታው አይጠፋለትም፤ ነገር ግን መጽሐፉን በሌሉት ሰዎች ሳይሆን ባሉት ይመዝነዋል።

ተከታታዩ ሲያልቅ ከየደብተሩ አንድ የጋራ ጽሑፍ ይውጣ፤ ለእያንዳንዱ ቅጽ አንድ ገጽ ይበቃል። በገጹ ላይ ቡድኑን ለሁለት የከፈለው ምዕራፍ፣ የሁለቱም ወገን ሐሳብ፣ አንባቢ ያቆመበት ቦታና ምክንያቱ፣ እንዲሁም በስፋት ተገምቶ ያልተፈጸመው ነገር ይጻፍ። የሰው ስም አይካተት፤ ከግል ትዝታ የመጣውም ባለቤቱ ካልፈቀደ አይገልበጥ። መጽሐፎቹን ለሌላ ክበብ ስታውሱ ይህን ጽሑፍ በየቅጹ ለይታችሁ በታሸገ ፖስታ አብራችሁ ስጡ፤ በፖስታው ላይም ቅጹ ተነቦ ሳያልቅና የእነሱ ደብተር ሳይጻፍ እንዳይከፈት በጉልህ ጻፉበት።